ልጄ አይደለችም ያልኩበት ሐምሌ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ፣ በጠዋት መጥታ «ጋሼ፣ ፍርድ ቤት ምስክር ይሁኑልኝ» አለችኝ። ባሏ ውጭ አገር ነው። እሱ ዘንድ ለመሄድ የመኖሪያ ፈቃድ ስትጠይቅ የጋብቻ ወረቀት አምጪ ተብላለች፤ የተጋቡት ደግሞ በሽማግሌ ስለሆነ ወረቀት የሚባል ነገር የላቸውም። «ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?» አልኳት። «መጋባታችንን ነዋ» አለች። «እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት፤ ደገመችልኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ሽማግሌው ጆሮው ደክሟል ብላ ነው መሰል ድምፅዋን ከፍ አደረገችብኝ። ጆሮዬ ደህና ነው። ምስክርነትን የምፈራበት የራሴ ምክንያት ስላለኝ ነው። ለማንኛውም ሄጄ መሰከርኩላት፤ ከዚያ ወረቀቷን ልታባዛ ኮፒ ቤት ስንገባ የማኅተም ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ያ ወይን ጠጅ የሆነው፣ ጣት ላይ ከነካ ሦስት ቀን የማይለቀው ቀለም ነው። ኮምፒውተሩ ስንቱን ነገር ሲለዋውጥ እሱን አልነካውም። ወንበር ስጡኝ ብዬ እዚያው ተቀመጥኩ፤ ልጅቷ አመመኝ መስሏት ውኃ ገዛችልኝ።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊመጣ ነው ተብሎ ካሴት ቤቱ ሁሉ ስለ ሚሊኒየም መዝፈን የጀመረበት ሰሞን ነው። ዓመቱን በትክክል አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልብስ ነው። ወንዶቹ ከፊቱ እጥፍ ያለውን ሰፊ ሱሪ ትተው ቀጥ ያለውን ማሰፋት የጀመሩበት፣ ሴቶቹ ጉርዳቸውን አስረዝመው ጎኑን ትንሽ ክፍት ያስደረጉበት ጊዜ ነበር። የስፌት ሱቄ ሚዛን ተፈሪ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጣ በቀኝ በኩል ባለው በረንዳ ላይ ነበረች። ሱሪ ማሰፊያ አሥራ አምስት ብር፣ ማሳጠሪያ ሁለት ብር፤ ዚፕ መቀየር ደግሞ እንደ ሰውየው ነው። ከሩቁ ከቱም ገበያ ድረስ መጥተው ልብስ የሚያሰፉ ደንበኞች ነበሩኝ። መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም እስከ ጣሪያው ይከመራል፤ ሰማያዊ ጨርቅ እየቆረጥኩ እጄ ራሱ ሰማያዊ ይሆን ነበር። ኋላ ልባሽ ጨርቅ በቦንዳ እየተጫነ መጣና ሰው በሃያ ብር የፈረንጅ ሱሪ እያገኘ ማን እኔ ተክሌ ዘንድ ቆሞ ይለካል? እስከ ዛሬ ቦንዳ ሲራገፍ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ያን ጊዜ ሚዛን ባጃጅ ገና በቅጡ አልለመደባትም፤ ሰው በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ በእግሩ ስለሚሄድም ሁሉም ቆሞ ሰላም ይባባል ነበር። አሁን ባጃጅ ውስጥ ሆነው እጃቸውን ብቅ አድርገው «ጋሽ ተክሌ» ብለው እልፍ ይላሉ፤ ማን እንደሆኑ ሳላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ።

ሰናይት ያደገችው እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ከስፌት መኪናዬ ሥር ቁጭ ብላ ብጥስጣሽ ጨርቅ እየሰበሰበች፣ ቁልፍ እየለየች፣ ፊደል ስትቆጥር አድጋለች። እኔና ባለቤቴ የሺ ልጅ አልተሰጠንም። ሐኪም ዘንድም ሄደናል፣ ጠበልም ሄደናል፤ አልሆነም። ሰናይት የታናሽ እህቴ የአልማዝ ልጅ ናት። አልማዝ ቴፒ ቡና እርሻው አካባቢ ምግብ ቤት ስትሠራ ግርማ ከሚባል የቡና ጫኝ መኪና ሾፌር ጋር ተዋውቃ ነው የወለደቻት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንድ ጊዜ አግኝቼው ኮት ሰፍቼለታለሁ። ልጅቷ ሳትራመድ የጎጀብ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት አልማዝ ይዛት መጣችና «ወንድሜ፣ እስክቋቋም ያዙልኝ» ብላ ቤሩት ሄደች። ከዚያ ወዲህ የእሷ መንገድ ረጅም ነው፤ ቤሩት፣ ከዚያ ሌላ አገር፣ ከዚያ ሌላ፣ በመጨረሻ ስዊድን። እስክቋቋም ያለችው አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። አልወቅሳትም። በእርግጥ ያኔ ወቅሻታለሁ፤ አሁን ሳስበው ግን ልጇን ጥላ የሄደች እናት ልቧ የት እንደሚያድር ማን ያውቃል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅቷን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ስሄድ መምህሩ መዝገቡን ዘርግቶ «የአባት ስም?» አለኝ። እጄን ይዛ ቆማለች፤ እኔው የሰፋሁላትን ዩኒፎርም ለብሳ፣ ጉርዱ እንዲያገለግላት ብዬ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ያስረዘምኩት። ቀና ብላ አየችኝ። «ተክሌ» አልኩ። አንዲት ቃል ናት፤ ዓለም አልተናጋም፤ መምህሩም ጽፎ ቀጣዩን ጠራ። ከዚያ ቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ ሲያስሞላ «ሴት ልጅ፣ አንድ» አልኩ። ዕድርም እንዲሁ። ሰፈሩ ሁሉ የአልማዝ ልጅ መሆኗን ያውቃል፤ እሷም አድጋ አውቃለች፤ አልማዝ በየጊዜው ልብስ፣ ፎቶና ደብዳቤ ትልክላት ነበር። ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም። እሷም «አባዬ» ትለኛለች፤ አለቀ። እኔ እንደዚህ ያለው ነገር አንድ ቀን መንግሥት ፊት ይቀርባል ብዬ አስቤም አላውቅ።

አልማዝ መኖሪያ ፈቃዷን አገኘች። በስልክ ስትነግረን ታለቅስ ነበር፤ ስልክ ቤት ሄደን ነበር የምንነጋገረው፤ ሳጥኑ ውስጥ ሦስታችንም ተጣብበን። «ልጄን መውሰድ እችላለሁ» አለች። «ግን አሥራ ስምንት ሳይሞላት ማመልከቻው መግባት አለበት። የልደት ምስክር ወረቀት፣ እናትነቴን የሚያሳይ፤ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ በውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ።» ሰናይት አሥራ ስምንት የሚሞላት መስከረም ላይ ነው። ጊዜው ሰኔ ነበር። ሂሳቡን በጣቴ ሠራሁት። ማዘጋጃ ቤት ስሄድ ጸሐፊዋ የቀበሌውን ቅጽ አየችና «እዚህ አባት ተክሌ፣ እናት የሺ ይላል። እንዴት ብዬ አልማዝ ወለደቻት ልበል? ፍርድ ቤት ያርመው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምን ታድርግ። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ነሐሴና መስከረም ዝግ ነው፤ ዳኞች ያርፋሉ። በሐምሌ ካላለቀ ጥቅምት ነው የሚከፈተው፤ ጥቅምት ላይ ሰናይት አሥራ ስምንት አልፏታል፣ የአልማዝም በር ተዘግቷል። የሺ ይህን ስነግራት ሽሮውን እያማሰለች «ካልሄደች ለኛ ደስ ይለናል። ለእሷ ግን ምን አላት እዚህ?» አለች። ሰናይት ሐኪም መሆን ነበር የምትፈልገው፤ ከክፍሏ አንደኛ ናት። የሺ ያለችውን እኔም አስቤው ነበር፤ ቀድማ ስለተናገረችው ግን ተቆጣኋት።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ትልቁ ዋርካ ሥር፣ የመኪና ጽሕፈት ይዘው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። አንድ ገጽ አምስት ብር። የእኔን የጻፈልኝ ሰው መነጽሩን በክር አስሮ በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ሲጽፍ ምላሱን የሚነክስ ሰው ነበር። ታሪኩን ስነግረው አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። «አመልካች ወላጅ አባት ሳይሆኑ በስህተት አባት ተብለው የተመዘገቡ በመሆኑ» ብሎ ጻፈ። «በስህተት» የምትለዋን ቃል ሳያት ደሜ ፈላ። «ስህተት አይደለም» አልኩት። «እንግዲያ ምን ልበለው፣ ጋሼ? በማጭበርበር ልበለው?» አለኝ። ይቅር፣ ስህተት ይሁን አልኩ። ከዚያ «ሦስት ምስክር ያስፈልጋል፤ የአልማዝ ልጅ መሆኗን፣ የእርስዎ አለመሆኗን የሚያውቁ» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው።

ምስክሮቼን መረጥኩ። አንደኛው ጋሽ አደሎ ነው፤ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ፣ የከፋ ሰው፣ ካፊቾ ነው፤ ከከተማው ውጭ የቡና ማሳና የንብ ቀፎ ነበረው። አማርኛው አጭር ነው፤ አይቀባባም። ሰናይትን ከልጅነቷ ጀምሮ ማር ሲያመጣ «የኔ ልጅ ድርሻ» ብሎ ለብቻ ይሰጣት ነበር። ሁለተኛዋ ሙና ናት፤ በረንዳው ላይ ከእኔ ቀጥሎ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ አባቷ ከስልጤ የመጡ ነጋዴ። ሦስተኛው የዕድራችን ጸሐፊ አቶ ካሳሁን፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ለእነዚህ ሦስት ሰዎች ሄጄ መናገር የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ሰናይት ልጄ አለመሆኗን መስክሩልኝ» ማለት። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ስሄድ አልወጣልህ አለኝ። ጋሽ አደሎ ቡናውን ሲኮተኩት ደርሼ «ለሰናይት ጉዳይ ፍርድ ቤት ትመሰክርልኛለህ» አልኩት። «ምን ሆነች?» አለኝ። «ወረቀት ነው። የምታውቀውን ትናገራለህ» አልኩትና ወደ ዝናቡ ወሬ ገባሁ። ሙናንም እንዲሁ። አቶ ካሳሁንንም እንዲሁ። የምታውቁትን ተናገሩ። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ ምን ይሳሳታሉ ብዬ ነበር።

የችሎቱ ቀን የሐምሌ መጨረሻ ሳምንት ሐሙስ ነበር፤ ችሎት ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። እዚህ አገር ሐምሌ ማለት ዝናብ ብቻ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ሰው እየጮኸ ነበር የሚያወራው። እኔ ለሰርግ ብቻ የማወጣውን ግራጫ ኮቴን ለብሻለሁ፤ የሺ አልመጣችም፤ ሰናይት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዳኛው ወጣት ሰው ናቸው፤ ልጄ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ትሕትና ነበራቸው። ምስክሮቹን እንደ ሥርዓቱ ውጭ አስቀምጠው አንድ በአንድ አስገቡ። መጀመሪያ ጋሽ አደሎ ገባ፤ ቆቡን አውልቆ፣ እጁን አንሥቶ ማለ።

«አቶ ተክሌን ያውቋቸዋል?» አሉት ዳኛው።

«እንዴት አላውቅም። አጥር ለአጥር ነን።»

«ሰናይት የምትባለውንስ?»

«በእጃችን ያደገች ናት።»

«የማን ልጅ ናት?»

ጋሽ አደሎ ዞሮ አየኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም፤ አይዞህ የሚል ነበር። «የሱ ናት» አለ። «የተክሌ ልጅ።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ረጋ ብለው ያስቡ፣ አባት። ወላጅ አባቷ እሳቸው ናቸው?»

«ናቸው። ወባ ሲይዛት በዝናብ ተሸክሞ የሮጠ እሱ ነው። እኔ ጃንጥላ ይዤ አብሬ ሮጫለሁ። ሌላ አባት አላየሁም። ሌላ አባት አለ የሚል ካለ ይምጣ፣ እኔ እጠይቀዋለሁ።»

ቀጥሎም ሙና ገባች። ሰላም እንኳ ሳትል «ልጃቸው ናት» አለች፤ ገና ሳትጠየቅ። «በየዓመቱ የዩኒፎርም ጨርቋን ከእኔ ነው የሚገዙት። ለሌላ ሰው ልጅ ማን እንደዚያ ጨርቅ ይመርጣል?» አቶ ካሳሁን ደግሞ የባሰበት ነው፤ የዕድሩን መዝገብ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል። ከፍቶ አነበበ፤ «የቤተሰብ ብዛት ሦስት፤ ባል፣ ሚስት፣ አንዲት ሴት ልጅ። በማኅተም የተረጋገጠ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።» ዳኛው መሳቅም መቆጣትም አቅቷቸው ጣሪያውን አዩ። «በዚህ ችሎት እርስ በርስ የሚጋጩ ምስክሮች ለምጃለሁ። እንደዚህ የተስማሙ ግን አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አቶ ተክሌ፣ የእርስዎ ምስክሮች ማመልከቻዎን አፍርሰውታል። ምን ላድርግ? መዝገቡን ልዝጋው?»

ኋላ ስጠይቃቸው ነው የገባኝ። ሦስቱም አንድ ሰው ተነሥቶ ሰናይትን ሊነጥቀኝ የከሰሰኝ መስሏቸው ነበር። «የምታውቁትን ተናገሩ» ማለቴን ጠብቁኝ ማለት አድርገው ተረድተውታል። ቢያውቁም ኖሮ ይቸገሩ ነበር፤ በእኛ ሰፈር ልጅ ያልወለደን ሰው ፊት ለፊት፣ አደባባይ ላይ፣ ያውም ልጅቷ እየሰማች «ያንተ አይደለችም» የሚል ሰው የለም። ሰክሮ የሚሰዳደብ እንኳ እዚያ አይደርስም። ሊሰድቡኝ ሳይሆን ሊያከብሩኝ ነው ሦስቱም በአንድ ቃል የማሉት። እኔ ያልቻልኩትን ዓረፍተ ነገር እነሱ እንዲናገሩት መላኬ ነው ነውሩ።

ተነሣሁ። ዳኛው «ይማሉ?» አሉኝ፤ እጄን አነሣሁ። «ልጅዎ ናት ወይስ አይደለችም?» አሉኝ። ወደ ኋላ እንዳልዞር ራሴን ያዝኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። «አይደለችም» አልኩ። «ልጄ አይደለችም። የእህቴ የአልማዝ ልጅ ናት። አባቷ ግርማ የሚባል ሾፌር ነው፤ ሞቷል። እኔ አሳዳጊ ነኝ። ትምህርት ቤት ስትገባ በስሜ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ፤ ማንም አላሳሳተኝም።» ጸሐፊው ይጽፍ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ያን ያህል የከበደኝ ግን የለም። እናቴን ስቀብር እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም።

ምስክሮቹ እንደገና ተጠሩ። ሙና ነገሩ ሲገባት አለቀሰችና እውነቱን ተናገረች። አቶ ካሳሁን መዝገቡን አጥፎ «የአልማዝ ልጅ መሆኗን አውቃለሁ» አለ፤ ድምፁ በጭንቅ ነው የተሰማው። ጋሽ አደሎ ግን አንገቱን አላጎነበሰም። «እሱ አይደለችም ካለ እሱ ያውቃል። እኔ ያየሁትን ተናግሬያለሁ» አለና ቆቡን አድርጎ ወጣ። ዳኛው በሐሰት መሰከራችሁ ብለው ሊያስይዟቸው ይችሉ ነበር፤ ነገሩ ገብቷቸዋል መሰለኝ አለፏቸው። በሁለቱ ቃልና በአልማዝ ደብዳቤዎች ውሳኔ ሰጡ። ቅዳሜ ግልባጩን ወሰድኩ፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ ጣቴን አበላሸው። በዚያ ሐሙስ ከችሎት ስንወጣ ሰናይት ጃንጥላውን ዘርግታ በእኔ በኩል አዘንብላ ያዘችልኝ፤ ግማሽ ጎኗ በስብሶ ቤት ደረስን።

ማዘጋጃ ቤት ቅጹን ስትሞላ «ሰናይት ተክሌ» ብላ ጻፈች። ጸሐፊዋ «ግርማ ነው እኮ የሚባለው፤ በይ ሌላ ቅጽ ውሰጂ» አለቻት። ሁለተኛውንም እንዲሁ ጻፈች። ልትቀልድ አልነበረም፤ እጇ ለምዶ ነው። በሦስተኛው እኔ ሞላሁላት፤ ግርማ ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄድን። ያኔ ሁለት ቀን ነው መንገዱ፤ ቦንጋን አልፈን፣ ጎጀብን ወርደን ወጥተን፣ ጅማ አድረን። ጎጀብ ላይ ስንደርስ «እዚህ ነው?» አለችኝ፤ «እዚህ ነው» አልኳት፤ በመስኮት እስኪጠፋ ድረስ አየች። አሁን አስፋልት ነው፤ ሰው ተኝቶ ነው የሚያልፈው። አዲስ አበባ ላይ የትርጉም ቤቱ ሰውዬ ከእሷ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር፤ ውሳኔውን እያነበበ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለብጥ ጣቶቹ እንደ እኔ መኪና መርፌ ይፈጥኑ ነበር። «የእኔ ስም የት ጋ ነው ያለው?» አልኩት። በጣቱ አሳየኝ። «ምን ይላል?» «አጎት ይላል፣ ጋሼ።» «ሌላስ?» «ሌላ የለም።» ሰናይት ከጎኔ ነበረች፤ ክንዴን ያዘችኝ። ለአንዱ ማኅተም አንድ ቀን፣ ለሌላው ማኅተም ሌላ ቀን ተሰለፍን፤ ፒያሳ አንድ ማኪያቶ በሦስት ብር ገዝቼላት በጣም ውድ ነው ብላ ለሁለት ጠጣነው። ማመልከቻው ጳጉሜን ላይ ገባ። ደረስን፤ ለጥቂት።

ሚዛን ስንመለስ ጋሽ አደሎ ሰላም አይለኝም። አጥር ለአጥር ሆነን። በሩ ላይ ስደርስ ጀርባውን ይሰጠኛል። ለሰናይት ማር ይልካል፤ በየሺ በኩል። በመስቀል፣ በገና ሰው ላክሁበት፤ «ከሱ ጋር ነገር አለኝ፤ ቀኑ ሲደርስ እናገራለሁ» ብሎ መለሰልኝ። ተቆጥቼ ነበር። አሁን ያን ሰው ምን ያህል እንደምወደው ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ከሞተ ቆይቷል፤ ያኔ ግን ግትር ሽማግሌ እያልኩ ለሙና አማው ነበር። የበረንዳው ጠዋት ራሱ ቀዝቅዞብኝ ነበር፤ ለካ በየቀኑ አጥሩ ላይ ተደግፎ «ዛሬ ማንን ታለብሳለህ?» የሚለኝ እሱ ብቻ ኖሯል።

ፋሲካ አልፎ ቪዛው መጣ። የምትሄደው ሰኞ ነው፤ ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበታት ግቢያችን ተሰበሰበ። ለመንገዷ ሰማያዊ ጃኬት ሰፍቼላት ነበር፤ ገበር ያለው፣ ውስጡን ድርብ አድርጌ፤ እዚያ ብርድ ነው ስለተባለ። እኩለ ቀን ገደማ ጋሽ አደሎ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ በበሩ ገባ። እንግዳ መስሎን ተነሣን። «አንቀመጥም» አለ። «ተክሌን ልከስ ነው የመጣሁት።» ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ወንበር ተሰጣቸው፤ እኔም እንደ ተከሳሽ ፊታቸው ቆምኩ።

«ይህ ሰው አዋርዶኛል» አለ ጋሽ አደሎ። «ዳኛ ፊት እጄን አንሥቼ ማልኩ። ያየሁትን ተናገርኩ። እሱ ተነሥቶ አይደለችም አለ። እኔ ውሸታም ሆንኩ።»

«ለወረቀቱ ነው እኮ» አልኩ። «ሌላ መንገድ አልነበረም። ነግሬህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር፤ ጥፋቴ ነው።»

«ስለ ወረቀት አላወራሁም» አለኝ። «ወረቀቱ ይሁን። እናቷ ጋ ትሂድ፤ እናት ናት። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንተ ልጄ አይደለችም ስትል ይህች ልጅ ከኋላህ ነበረች። ሰምታለች። አሁን ያን ቃል ይዛ ልትሄድ ነው? አገርና ባሕር አልፋ ስትሄድ፣ ከአንተ የሰማችው የመጨረሻ ምስክርነት እሱ ይሁን?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ በጆሮ ተነጋገሩ። ብዙ አልቆዩም። ትልቁ «ተክሌ» አለኝ፣ «መንግሥት ፊት ያልከው ለመንግሥት ይሁን። እዚህ ግን እኛ ነን ያለነው። እጅህን አንሣና እውነቱን ተናገር። ልጅቷም ትጠራ።» የሺ ከጓዳ ይዛት ወጣች። ጃኬቱን ለክታ ነበር፤ አንዱ እጅጌ ገና አልተጠለፈም፤ ክሩ ተንጠልጥሏል። ፊቴ ቆመች። ከዚያ ከችሎቱ ቀን ጀምሮ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም ነበር።

እጄን አነሣሁ። «ልጄ ናት» አልኩ። የሰማሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

«አልሰማሁም» አለ ጋሽ አደሎ።

«ልጄ ናት። ሰናይት ልጄ ናት። የወለዳት ግርማ ነው፣ የወለደቻት አልማዝ ናት፤ ልጅነቷ ግን የኔ ነው። ይህን የሚክድ ወረቀት ካለ ወረቀቱ ነው የዋሸው» አልኩ፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆሞ እስኪያይ ድረስ። ሰናይት ደረቴ ላይ ወደቀች፤ ያን ሁሉ ወር ያላለቀሰችውን አንድ ላይ አለቀሰችው። «አባዬ፣ አውቃለሁ እኮ» ትላለች፤ «አውቅ ነበር እኮ»፤ ግን ታለቅሳለች። እኔም አላፈርኩም፤ ሰው ሁሉ እያየ አብሬያት አለቀስኩ።

ጋሽ አደሎ ቆቡን አወለቀ። መጥቶ ግንባሯን ሳማት፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ያልሰጠኝን እጁን ዘረጋልኝ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና «እንግዲህ አሁን ትሂድ» አለ።